የፒ-51ዲ ሙስታንግን የበረራ ጠባይ በሲሙሌተር ላይ ማስተካከል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 18

ይህን ማስታወሻ የምይዘው የአሜሪካውን የፒ-51ዲ ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን የበረራ ሞዴል ፍላይትጊር ለተባለው ሲሙሌተር እንደ አዲስ እያዘጋጀሁ ነው። ፍላይትጊር ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ክፍት ሶፍትዌር ነው። የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ጄኤስቢሲም የሚባል ፕሮግራም ሲሆን፣ የአውሮፕላኑ ክብደት፣ የክንፉ ስፋት፣ የሞተሩ ጉልበትና በአካሉ ላይ የሚያርፉት የአየር ኃይሎች በሙሉ ከፍቶ ማንበብና መለወጥ በሚቻል የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ።

ወደ ሥራው የገፋፋኝ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ክርክር ነው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የፕሮፔለር ተዋጊዎች በሲሙሌተር የሚያበሩ ሰዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን አውሮፕላኑ እጅ ላይ አልረጋ ካለና አፍንጫው ከተወዛወዘ «ይህ ነው እውነተኛው» ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ በእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ማንም አነጣጥሮ ሊተኩስ፣ ተዋግቶም ሊመለስ እንደማይችል ይከራከራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሞዴሉ ሊያስቸግር የሚገባው እውነተኛው አውሮፕላን ባስቸገረበት ሁኔታ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ያው የእውነተኛው ምክንያት መሆን አለበት። ከባዕድ ምክንያት የመጣ አለመረጋጋት ለጊዜው እውነት ቢመስልም፣ ነዳጁ ሲጎድል ወይም ፍጥነቱ ሲለወጥ ሞዴሉ እውነተኛው አውሮፕላን ከሄደበት መንገድ መውጣቱ አይቀርም።

መስከረም 20

መሠረታዊ ልኬቶችን አስገባሁ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.28 ሜትር፣ ስፋቱ 235 ስኩዌር ጫማ ማለትም 21.8 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ባለ አራት ምላስ ፕሮፔለሩ ደግሞ በዲያሜትር 3.4 ሜትር ነው። ሞተሩ ፓካርድ ቪ-1650-7 ሲሆን፣ ይህም የእንግሊዙ የሮልስ ሮይስ ሜርሊን በፈቃድ አሜሪካ ውስጥ የተመረተበት ዓይነት ነው፤ ለመነሳት በ61 ኢንች ሜርኩሪ ግፊትና በደቂቃ በ3000 ዙር 1490 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በሞተሩና በፕሮፔለሩ መካከል ያለው ማርሽ ዙሩን በ0.479 ስለሚያባዛው ፕሮፔለሩ የሚሽከረከረው በደቂቃ 1437 ዙር ገደማ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ያለውን ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ ማግኘት ይቻላል፤ ወደ 7400 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ይህን ቁጥር በሁሉም የሥራው ምዕራፍ ስለምመለስበት ለብቻው ጽፌ ከፊቴ ለጥፌዋለሁ።

መስከረም 23

አውሮፕላኑን በጆይስቲክ ከማብረሬ በፊት ያለ ሰው እጅ ልፈትነው ወሰንኩ። ጄኤስቢሲም ከሲሙሌተሩ ተነጥሎ ያለ ምንም ሥዕል ብቻውን ይሠራል፤ ትእዛዙን ከጽሑፍ ፋይል ያነባል፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ያሰላል፣ ውጤቱንም በሠንጠረዥ ያወጣል። ሞዴሉን በ10,000 ጫማ ከፍታ፣ መለኪያው በሰዓት 250 ማይል በሚያሳይበት ፍጥነት ቀጥ ብሎ እንዲበር አደረግሁትና ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ለግማሽ ሰከንድ ወደ ላይ፣ ለግማሽ ሰከንድ ወደ ታች ተንቀሳቅሶ ወደ ቦታው እንዲመለስ አዘዝኩ።

የተገኘው ግራፍ ለክርክሩ ትልቅ መልስ ይሰጣል። አፍንጫው ተነሳ፣ ወረደ፣ አንዴ ብቻ በመጠኑ አለፍ ብሎ ቆመ፤ አንዱ ዙር ሁለት ሰከንድ ገደማ የሚፈጅ ሲሆን ሁለተኛው ዙር በግራፉ ላይ በዓይን አይለይም። ይህ የሆነው በጅራቱና በክንፉ ምክንያት ነው። አፍንጫው በተነሳ ቁጥር ከክብደት ማዕከሉ ርቆ የተቀመጠው ጅራት ወደ ታች ስለሚሄድ አየሩ ከታች ይገፋዋል፤ ክንፉም ራሱ ወደ ላይ ሲሄድ የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው ውዝዋዜውን ወዲያው ያረግቡታል። የኤሌቬተሩ መሪ በቦታው እስከተያዘ ድረስ፣ በጊዜው የነበሩ ተዋጊዎች እንዲህ ያለውን አጭር ውዝዋዜ በፍጥነት ያጠፉ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ናካ የተባለው የመንግሥት የአቪዬሽን ምርምር ተቋም ተመራማሪዎችም ከዚሁ ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ሃርትሊ ሱሌ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባደረገው ምርመራ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ የሚልበት ረጅሙ ውዝዋዜ አብራሪዎች ስለ አውሮፕላኑ ከሚሰጡት አስተያየት ጋር ዝምድና እንደሌለው አሳየ። ሮበርት ጊልሩዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ የጥሩ አውሮፕላን መመዘኛዎችን ሲያወጣ፣ ዋናውን ክብደት የሰጠው አብራሪው መሪውን ምን ያህል ርቀት እንደሚያንቀሳቅስና በምን ያህል ጉልበት እንደሚስብ ለሚያሳዩት መለኪያዎች ነበር። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ የአሜሪካን ሰው የጫኑ መንኮራኩሮች ወደ ጨረቃ ያደረሰውን ማዕከል የመራው ያው ጊልሩዝ ነው። ስለዚህ በሲሙሌተር ላይ የሚታየው የአፍንጫ መወዛወዝ ከአውሮፕላኑ አካል ካልመጣ፣ መፈለግ ያለበት አውሮፕላኑ፣ ጆይስቲኩና ሰውየው አንድ ላይ በሚፈጥሩት ዙር ውስጥ ነው።

መስከረም 30

ጆይስቲኩን በማስመሪያ ለካሁት። የመያዣው ጫፍ ከመሃል ወደ ኋላ የሚሄደው 6 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የእውነተኛው ተዋጊ መሪ ከወለሉ ተነስቶ በአብራሪው ጉልበቶች መካከል የሚቆም ረጅም ዘንግ በመሆኑ ጫፉ የሚጓዘው ርቀት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ለመረዳት የእንግሊዙን ተዋጊ ስፒትፋየርን ማየት ይበቃል። ናካ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው የስፒትፋየር ማርክ 5 የፍተሻ ሪፖርት እንደተመዘገበው፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ከሚበርበት ሁኔታ ክንፉ አየር እስከሚለቅበት፣ ማለትም አየሩ ከላዩ ተላቆ የማንሳት ኃይሉ እስከሚወድቅበት ድረስ ለመውሰድ መሪውን ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሳንቲሜትር የማይሞላ ርቀት፣ መሳብ በቂ ነበር። ጊልሩዝ ግን ለዚህ አራት ኢንች ያህል እንዲኖር ይፈልግ ነበር። ያንኑ ስፒትፋየር በጠረጴዛ ላይ ባለ ጆይስቲክ ስናበረው ሁለቱ ሳንቲሜትሮች ወደ ጥቂት ሚሊሜትር ይጨመቃሉ። በዚያ ላይ ጆይስቲኩ መሃል አካባቢ ያለችውን የስፕሪንግ መያዝ ለማለፍ የሚጠይቀው ጉልበት፣ አውሮፕላኑ ለሙሉ መታጠፊያ ከሚጠይቀው እንቅስቃሴ ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ሰውየውም በወንበሩ ላይ የሚጫነው ክብደት ስለማይሰማው አፍንጫው መነሳቱን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ፣ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ዘግይቶ ያርማል፣ እርማቱም ያልፋል። ይህ ነው አብዛኛው ሰው «አውሮፕላኑ አልረጋ አለ» የሚለው።

የተለመደው መፍትሔ በሲሙሌተሩ ማስተካከያ ውስጥ የጆይስቲኩን መስመር ማጉበጥ ነው፤ መሃል አካባቢ ምላሹ ይለዝባል፣ ጫፍ አካባቢ ይፈጥናል። እኔ ይህን በልኩ ብቻ እመክራለሁ። ብዙ የጎበጠ መስመር አነጣጥሮ ለመተኮስ ቢረዳም፣ በማረፊያ ጊዜ መሪው ወደ ኋላ ሲሳብ የሚያስፈልገው ምላሽ በድንገት እንዲመጣ ስለሚያደርግ ችግሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ከሁሉ የሚሻለው በጆይስቲኩ ሥር 20 ሳንቲሜትር ገደማ ማርዘሚያ ቧንቧ ማስገባትና ከጠረጴዛው አውርዶ በጉልበቶች መካከል ማሰር ነው። እኔ ያሠራሁት ከብረት በያጅ ዘንድ ነው፤ ቧንቧው ቀጭን ግድግዳ ያለው እንዲሆንና የሽቦዎቹ ማለፊያ ቀዳዳ ጠርዙ እንዲሞረድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ገመዱን እየፋቀ ይበላዋል።

በሞዴሉ የማርገቢያ ቁጥሮች ላይ ምንም አልጨመርኩም። የጆይስቲክን ማነስ በአውሮፕላኑ ፋይል ውስጥ ማካካስ ጥሩ ጆይስቲክ ያለውን ሰው መበደል ነው።

ጥቅምት 5

አሁን እውነተኛው አለመረጋጋት ወደሚገኝበት ቦታ ደረስኩ። ሙስታንግ ቦምብ ጣዮችን አጅቦ እስከ በርሊን ደርሶ እንዲመለስ ከአብራሪው ወንበር ጀርባ 85 ጋሎን፣ ማለትም 322 ሊትር የሚይዝ ታንክ ተጨመረለት። ያ ነዳጅ 230 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሞዴሌ ታንኩን ከክብደት ማዕከሉ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ሳስቀምጠው፣ 4580 ኪሎ በሚመዝነው አውሮፕላን ላይ የክብደት ማዕከሉ ሰባት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ወደ ጅራቱ ይሸሻል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የክንፉ አማካይ ስፋት ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ሜትር ገደማ ስለሆነ ሽሽቱ ወደ አራት በመቶ ይጠጋል፤ አውሮፕላኑን የሚያረጋጋው አጠቃላይ ኅዳግ ራሱ ደግሞ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

የመስከረም 23ቱን ፍተሻ ታንኩን ሞልቼ ደገምኩት። አፍንጫው ተነስቶ ወደ ቦታው ለመመለስ አይቸኩልም፤ አይወዛወዝምም፤ ዝም ብሎ ከደረሰበት አካባቢ ይንሳፈፋል። በጆይስቲክ ሳበረው ልዩነቱ ይበልጥ ጎላ። ጠበቅ ባለ መታጠፊያ ውስጥ መሪውን መሳብ ከጀመርኩ በኋላ መታጠፉ በራሱ እየጠበቀ ሄደና እዚያው ላይ ለማቆየት መሪውን ወደ ፊት መመለስ ግድ ሆነብኝ። እውነተኞቹ አብራሪዎች ይገጥማቸው የነበረው ይኸው ነው፤ የአብራሪው መመሪያ መጽሐፍም ይህ ታንክ ሞልቶ እያለ አክሮባቲክ እንዳይሠራ ይከለክላል። በረጅም ጉዞ ላይም የኋላው ታንክ ነዳጅ ገና በመጀመሪያ ሰዓቶች፣ ከክንፍ በታች የተንጠለጠሉት ተጣይ ታንኮች ከመነካታቸው በፊት፣ እንዲጎድል ይደረግ ነበር።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ እዚህ ነው። አንድ ሲሙሌተር ሙስታንግን ሁልጊዜ የማይረጋ አድርጎ ቢያቀርበው ይህን ታሪክ ያጠፋዋል፤ ሁልጊዜ የተረጋጋ አድርጎ ቢያቀርበውም እንዲሁ። ያው አውሮፕላን እንግሊዝ ሲነሳ አንድ ጠባይ፣ ጀርመን ላይ ሲደርስ ሌላ ጠባይ ነበረው፤ በመካከላቸው ያለው ነገር የተቃጠለው ነዳጅ ነው።

ጥቅምት 9

መንደርደርና መነሳት። የሙስታንግ ፕሮፔለር ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከዚህም አራት የተለያዩ ኃይሎች ይመነጫሉ፣ አራቱም አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታሉ። ቶርኩ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚጠመዝዘው ግራው ጎማ ይጫናል። በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 3.61 ሜትር በመሆኑ፣ በሙሉ ጉልበት ከቀኝ ጎማ ተነስቶ ወደ ግራው የሚዛወረው ሸክም 200 ኪሎ ያህል ነው። የጀርመኑ ቢኤፍ-109 ጎማዎች ርቀት ሁለት ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያው ቶርክ ሸክሙ ከ350 ኪሎ በላይ ይሆን ነበር። ሁለተኛው፣ ጅራቱ መሬት ላይ እያለ ወደ ታች የሚወርደው የቀኝ ምላስ አየሩን በሰፊ ማዕዘን ስለሚቆርጥ ከግራው የበለጠ ይስባል። ሦስተኛው፣ ጅራቱ ሲነሳ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር እንደ ጂሮስኮፕ አፍንጫውን ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ጅራቱ በፈጠነ መጠን ይህ ይብሳል። አራተኛው፣ ፕሮፔለሩ እያዞረ ወደ ኋላ የሚገፋው አየር ቀጥ ብሎ የቆመውን ጅራት ከግራ በኩል ይመታዋል።

ጄኤስቢሲም የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በፕሮፔለሩ ፋይል ውስጥ ከተሰጠው መረጃ ራሱ ያሰላቸዋል። አራተኛውን ግን ካልጻፉለት አያውቀውም። ይህ ጉድለት ከሚያሳጣው አንድ ኃይል ይበልጥ የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፦ ያ አየር በጅራቱ የአቅጣጫ መሪ፣ በራደሩ ላይ ስለሚነፍስ አውሮፕላኑ ገና ሳይፈጥን ለፔዳሉ ጉልበት የሚሰጠው እርሱ ነው። የተገፋው አየር በሞዴሉ ከሌለ ራደሩ እስከ ብዙ ርቀት ድረስ ሙት ይሆናል፤ አውሮፕላኑም ሰውየው የፈለገውን ቢረግጥ ወደ ግራ ይሄዳል። ብዙዎች «የድሮ ተዋጊዎች ሲነሱ ገዳይ ናቸው» የሚሉት ከዚህ ዓይነት ሞዴል ተምረው ይመስለኛል።

መፍትሔው በጄኤስቢሲም ውስጥ አለ። ፕሮፔለሩ ለአየሩ የጨመረለትን ፍጥነት ፕሮግራሙ በየቅጽበቱ ስለሚያወጣው፣ ያንን ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ጋር ደምሬ በጅራቱ አካባቢ ያለውን የአየር ግፊት ለብቻው አሰላሁ፤ ራደሩና ኤሌቬተሩም ከዚያ በኋላ ኃይላቸውን ከዚህ ግፊት እንዲያገኙ አደረግሁ። በተጨማሪ የአየሩን መጠማዘዝ የሚወክል ትንሽ ወደ ግራ የሚያዞር ኃይል ከሞተሩ ጉልበት ጋር አያይዤ ጨመርኩ።

ለሙከራ ሞዴሉን የላክሁለት ወዳጄ ምሽቱን ደውሎ «አሁን እኮ ፔዳሉን ስረግጠው ይመልስልኛል፤ በፊት ለማን ነበር የምረግጠው?» አለኝ። እርሱም እንደ መመሪያው የራደሩን ትሪም (ፔዳል ሳይረገጥ ራደሩን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለውን ማስተካከያ) 6 ዲግሪ ወደ ቀኝ አድርጎ፣ መሪውን ወደ ኋላ ይዞ ነበር የጀመረው። መሪው ወደ ኋላ ሲያዝ የጅራት ጎማው ይቆለፍና ከፔዳሉ ጋር ወደ ቀኝና ወደ ግራ 6 ዲግሪ ብቻ ይዞራል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ግን ነፃ ይወጣል። ጅራቱን ቶሎ ለማንሳት ብሎ ገና ከጅምሩ መሪውን የሚገፋ ሰው ቁልፉን ራሱ ፈትቶ፣ የጂሮስኮፑንም ኃይል ራሱ ጠርቶ ነው የሚዞረው።

በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከካናዳ ገዝቶ ያበራቸው የፌሪ ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ግሪፎን ስለነበር ፕሮፔለራቸው በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ይዞር ነበር። ለእነዚያ አብራሪዎች የሚያስፈልገው እግር የግራው ነበር። ይህን ሞዴል ወደ ፋየርፍላይ ለማሸጋገር የሚፈልግ ሰው የፕሮፔለሩን የዙር አቅጣጫ ሲገለብጥ እኔ የጨመርኩትንም የአየር መጠማዘዝ ምልክት አብሮ መገልበጥ ይኖርበታል፤ እርሱ ለብቻው የተጻፈ ስለሆነ በራሱ አይገለበጥም።

ጥቅምት 16

ለማረፍ ተቃርቦ ድንገት እንደገና መነሳት ቢያስፈልግስ? ጎማውና ፍላፑ ወርዶ፣ በሰዓት 100 ማይል እየበረርኩ ጋዙን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰጠሁ። ቶርኩ ፍጥነት ስለቀነሰ አይቀንስም፤ የኤይለሮኑ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ኃይል ግን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወርዳል። በ300 ማይል ከነበረው በ100 ማይል የሚቀረው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። በሞዴሌ በዚህ ፍጥነት ቶርኩን ለመመከት ብቻ ከኤይለሮኑ አቅም ከግማሽ በላይ ይሄዳል። ራደሩ ወዲያው ካልተረገጠ አፍንጫው ወደ ግራ ሲዞር የቀኝ ክንፍ ስለሚፈጥን፣ ቀሪውም ግማሽ ያልቅና አውሮፕላኑ በጀርባው ይገለበጣል። ጋዙን ቀስ አድርጎ ለሰጠና ቀኝ ፔዳሉን አብሮ ለረገጠ ሰው ግን ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለም። እዚህ ላይ ማስተካከያ አላደረግሁም፤ መሆን እንዳለበት ነው።

ጥቅምት 20

የጅራቱ ሥር ክንፍ። ከፒ-51ቢ ወደ ዲ ሲሸጋገር አብራሪው ዙሪያውን እንዲያይ ከወንበሩ ጀርባ ያለው የአካሉ ጉብታ ተቆረጠ፤ በዚህም አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጎን ስፋት ቀነሰ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ትልቅ ፕሮፔለር ደግሞ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት ይበልጥ እንዲዞር ይገፋፋል። ለዚህ መድኃኒት ሆኖ ከቋሚው ጅራት ፊት ይህ ተዳፋት ክንፍ ተጨመረ፤ ቀደም ብለው ለተሠሩትም ተገጠመላቸው። በሠንጠረዡ ውስጥ ይህን ክንፍ የጨመርኩት በትልልቅ የመንሸራተት ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው፤ ሥራውም እዚያ ነውና፤ ጅራቱ አየር ሳይለቅ ረዘም ላለ ማዕዘን እንዲይዝ ያደርጋል።

ጥቅምት 27

የቀረው የመሪው ክብደት ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይከብዳል፤ የጠረጴዛ ጆይስቲክ ስፕሪንግ ግን በ100 ማይልም በ400 ማይልም ያው ነው። ስለዚህ ሞዴሉን የሚያዘጋጅ ሰው የጆይስቲኩ እንቅስቃሴ የመሪውን ቦታ ይወክል ወይስ የአብራሪውን ጉልበት የሚለውን መምረጥ አለበት። እኔ ጉልበቱን መርጫለሁ። ጆይስቲኩ ሲሳብ ሞዴሉ በዚያ ጉልበትና በዚያ ፍጥነት ኤሌቬተሩ ምን ያህል ሊነሳ እንደሚችል ያሰላል። ዋጋ አለው፦ በኮክፒቱ ውስጥ የሚታየው መሪ ከእጄ ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሄድም፤ ይህም ለጀማሪ ግር ሊል ይችላል።

ያም ሆኖ የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። የሙስታንግ መሐንዲሶች የኋላው ታንክ ያመጣውን የመሪ መቅለል ለመቋቋም በኤሌቬተሩ መቆጣጠሪያ ላይ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት አንጠለጠሉ። አውሮፕላኑ በመታጠፊያ ውስጥ ሲከብድ ብረቱም አብሮ ስለሚከብድ መሪውን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ አብራሪው ከልክ በላይ እንዳይስብ የሚከለክለው ይህ ነው። የጆይስቲኩ ቦታ በቀጥታ ኤሌቬተሩን የሚያዝበት ሞዴል ውስጥ ይህ ብረት ምንም ሥራ የለውም፤ የሚሠራው በጉልበት ላይ ነውና። አሁን ከአውሮፕላኑ ላይ ካረፈው ክብደት ጋር አያይዤ ጨምሬዋለሁ። ታንኩ ሞልቶ በጠባብ መታጠፊያ ስገባ መታጠፉ በራሱ መጥበቁ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ዘግይቶና ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ታንኩ ሲጋመስ ደግሞ አውሮፕላኑ ለማነጣጠር የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በፋይሉ ውስጥ ብረቱ ያለበትንና የሌለበትን ሁለት አማራጮች አስቀምጫለሁ፤ ቀደምት አውሮፕላኖችን ማብረር የሚፈልግ ሰው ያጠፋዋል። የሚቀጥለው ሥራ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ በቁልቁል በረራ የሚሆነውን መጻፍ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ አሁን ካለው ጋር የማይቀላቀል ስለሆነ በሌላ ፋይል እጀምረዋለሁ።